ጦርነት የሾመው፣ ሰላም የሻረው ካፒቴን

ሂዩ ናትናኤል ማልዛክ ማርች 26 ቀን 1886 በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው ዩኒየን ደሴት ተወለደ (በዚህ ትረካ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዩኒየን ከሴንት ቪንሰንት በስተደቡብ ከተዘረጉት የግሬናዲን ደሴቶች አንዷ ናት። ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ለማቋረጥ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ያኔ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበረች። ጥጥ ከማልማትና ዓሣ ከማጥመድ ሌላ ብዙም ሥራ ስለሌለ፣ ከዚያች ደሴት የወጣ ወንድ ልጅ መርከበኛ ቢሆን የሚገርመው ሰው የለም። ማልዛክም ሃያዎቹን ዕድሜ ሲጀምር ባሕር ላይ ወጣ።

የመጀመሪያዎቹ መርከቦቹ በነፋስ የሚሄዱ ባለ ሸራ ነበሩ። ሸራ መዘርጋትና መጠቅለል፣ ገመድ መቋጠር፣ መርከቡ እየተንገላታ ምሰሶ ላይ መውጣት፤ ሙያውን ከሥሩ ጀምሮ በእጁ ተማረ። ከእነዚያ ጉዞዎች አንዱ ወደ ሰሜን ካሮላይናዋ ዊልሚንግተን ወደብ አደረሰው። በኋላ በመጽሐፉ እንደተረከው፣ በዚያች ከተማ ለጸሎት ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በቆዳው ቀለም ምክንያት ከደጃፉ ተመለሰ። አሜሪካ ለማልዛክ ያሳየችው የመጀመሪያ ፊት ይህ ነበር።

ተራ መርከበኛ ሆኖ ለመቅረት ግን አልፈለገም። ወደ ዌልስ ሄዶ ስዋንዚ በሚገኘው የባሕር ኮሌጅ ገባና የመኮንንነት ትምህርት ተማረ። በዚያ ዘመን መኮንን የሚያሰኘው ዋናው ነገር ስሌት ነው። እኩለ ቀን ሲሆን ሴክስታንት የተባለውን መሣሪያ ዓይኑ ላይ አድርጎ ፀሐይ ከአድማስ ምን ያህል ከፍ እንዳለች ይለካል። ልኬቱን ከሰንጠረዥ ጋር አመሳክሮ ከምድር ወገብ ምን ያህል እንደራቀ ያወጣል። ከዚያ ፈጽሞ በማይዛነፍ ሰዓት እየታገዘ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የተጓዘውን ያሰላል። ውጤቱ በባሕር ካርታ ላይ በእርሳስ የሚቀመጥ አንዲት ነጥብ ናት። ነጥቧ ከተሳሳተች መርከቡ ከዓለት ጋር ይላተማል። ማልዛክ ይህን ስሌት ከማንም እኩል ቻለ፤ የምክትልነት ፈቃድም ተሰጠው።

የመጀመሪያው ጦርነት

በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የንግድ መርከቦችን እየለቀሙ ማስጠም ጀመሩ። ስንዴ፣ ከሰልና ጥይት የሚያመላልስ ሰው እጅግ ተፈላጊ ሆነ፤ የመኮንን እጥረትም ጠና። በሰላሙ ጊዜ ጥቁር መኮንን በመርከባቸው ላይ ማየት የማይፈልጉ ኩባንያዎች እንኳ ለጊዜው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማልዛክ በመኮንንነት ከአንዱ መርከብ ወደ ሌላው እየተዛወረ ጦርነቱን በባሕር ላይ አሳለፈ። የአሜሪካ ዜግነትም አገኘ። ጦርነቱ ባበቃ ሰሞን ደግሞ የአሜሪካን የካፒቴንነት ፈተና ተፈትኖ አለፈ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በሕግ ፊት መርከብ የማዘዝ መብት ያለው ሰው ነበር።

መርከቡን ግን የሚሰጠው አልተገኘም። መኮንኖቹ ከጦር ሜዳ ተመለሱ፤ የነበረው እጥረት ቀረ፤ የተጨፈነው ዓይንም ተገለጠ። ማልዛክ ፈቃዱን ይዞ የየኩባንያውን ደጅ ቢጠናም ሰሚ አላገኘም።

ጥቁሩ ኮከብ

በዚህ መሃል ነበር ኒውዮርክ ሃርለም ውስጥ የማርከስ ጋርቬይ ድምፅ የተሰማው። ጃማይካዊው ጋርቬይ በ1919 ብላክ ስታር ላይን የተባለ የመርከብ ኩባንያ አቋቋመ። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 5 ዶላር ነበርና የቤት ሠራተኛውም፣ የባቡር ተሸካሚውም፣ ሸንኮራ ቆራጩም ካለው ላይ ቆጥቦ ገዛ። ጋርቬይ ይመራው የነበረው የጥቁሮች ማኅበር ለኢትዮጵያ የነበረው ፍቅር የታወቀ ነው። በ1920 ኒውዮርክ ላይ ባደረገው ታላቅ ጉባኤ የማኅበሩ ይፋዊ መዝሙር አድርጎ ያጸደቀው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ መዝሙር ተብሎ የሚጠራውን ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው ኢትዮጵያን አይተዋት የማያውቁ ሰዎች ዘንድ ነው።

የኩባንያው የመጀመሪያ መርከብ ያርማውዝ ይባላል። በ1887 የተሠራ፣ በጦርነቱ ጊዜ ከሰል ሲያመላልስ የኖረ አሮጌ ነበር። ኩባንያው በ165,000 ዶላር ገዛው፤ ዋጋው ከሚገባው በላይ ነበር። ካፒቴኑ ጆሹዋ ኮክበርን ከዚያ ሽያጭ ኮሚሽን መቀበሉ ኋላ ሲጋለጥ ብዙ አነጋግሯል። ማልዛክ በ1920 መጀመሪያ ላይ በዚህ መርከብ በዋና ምክትልነት ተቀጠረ።

ማልዛክ በያርማውዝ ያደረገው የመጀመሪያ ጉዞ በችግር ተጀመረ። አሜሪካ ውስጥ አልኮል መጠጥ የሚከለክለው ሕግ በጃንዋሪ 1920 ሊጸና ስለነበር፣ የዊስኪ ነጋዴዎች ሸቀጣቸውን ከአገር ለማስወጣት ተጣድፈው ነበር። ያርማውዝ ዊስኪውን ከአፍ እስከ ገደፉ ጭኖ ወደ ኩባ ተነሣ። ብዙም ሳይርቅ ግን መርከቡ ተበላሽቶ ወደ አንድ ጎኑ አዘነበለና ወደ ኒውዮርክ እንዲመለስ ተገደደ። ከጭነቱ ከፊሉ ባሕር ገባ፤ ከፊሉ ደግሞ በሠራተኛውና በሌባው ሆድ።

ሆኖም ያርማውዝ በመጨረሻ ሃቫና ሲደርስ የሆነውን ማልዛክ ዕድሜ ልኩን አልረሳውም። ሰዎች በጀልባ እየቀዘፉ፣ አበባና ፍራፍሬ ይዘው ተቀበሏቸው። የፓናማዋ ኮሎን ወደብ ላይም በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወጣ። ቦዩን ሲቆፍሩ የኖሩ፣ የሙዝ እርሻ ላይ የሚለፉ የካሪቢያን ልጆች ጥቁር መኮንኖች የሚያዙትን መርከብ ለማየት ከሩቅ መጥተው ነበር። ብዙዎቹ ባለ 5 ዶላር አክሲዮን የያዙ ናቸው፤ መርከቡን የራሳቸው ንብረት አድርገው ነው የተቀበሉት።

ጃማይካ ላይ መርከቡ 700 ቶን ኮኮናት ለኒውዮርክ ጫነ። ኮኮናት በእርጥብና በሞቃት የመርከብ ሆድ ውስጥ ከቆየ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ቀጥ ብሎ መሄድ ነበረበት። ጋርቬይ ግን መርከቡ አስቀድሞ ፊላደልፊያና ቦስተን ላይ ቆሞ ለደጋፊዎች እንዲታይ አዘዘ። ማልዛክ የሚሆነውን ያውቅ ነበር። ሰልፉ ደመቀ፣ አክሲዮን ተሸጠ፣ ኮኮናቱ ተበላሸ፣ ባለ ጭነቱም በቁጣ ካሳ ጠየቀ። ማልዛክ በኋላ የጻፈው ስለ ኩባንያው ውድቀት የጠላት ክስ አይደለም፤ መርከቡ ሳይከስር በሕይወት እንዲቆይ የሚፈልግ ባለሙያ የሰጠው ምስክርነት ነው። የሕዝቡ ፍቅር እውነተኛ እንደነበረ፣ የመርከብ ንግድ ግን በፍቅር ብቻ እንደማይሄድ በአንድ ላይ መዝግቧል።

በ1922 ብላክ ስታር ላይን ሥራውን አቆመ። ጋርቬይም አክሲዮን በፖስታ በማጭበርበር ተከሶ በ1923 ተፈረደበት፤ በ1927 ከአሜሪካ ተባረረ። ማልዛክ ከዚያ ቀደም ብሎ ኩባንያውን ለቆ ለጥቁር ወጣቶች የመርከብ ስሌት የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። ይሁን እንጂ ተመራቂውን የሚቀጥር በሌለበት ትምህርት ቤቱ አልዘለቀም።

ማድ ቤት ውስጥ 20 ዓመት

በዚያን ጊዜ አንድ የንግድ መርከብ በሦስት ክፍል ይከፈል ነበር፦ ከላይ መርከቡን የሚመራው፣ ከታች ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰውና ምግብ የሚያበስለው። ጥቁር መርከበኛ ብዙውን ጊዜ የሚመደበው በሦስተኛው ነው። ማልዛክም ቤተሰብ ነበረውና ሆድ ይፍጀው ብሎ ሽርጥ አገለደመ። ሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ በመርከብ ምግብ አብሳይነት ኖረ። በሙያው ከእርሱ የማይበልጡ፣ አንዳንዴም የሚያንሱ ሰዎች ከላይ ሆነው መርከቡን ሲመሩ፣ እሱ ታች ሆኖ ያበስልላቸዋል። ፈቃዱ ግን አልተነካም፤ ወረቀቱ ካፒቴን ነው ይል ነበር።

እጁን አጣጥፎ ግን አልተቀመጠም። በ1930ዎቹ አጋማሽ የምሥራቅ ጠረፍ መርከበኞች ሥራ ሲያቆሙ አብሯቸው ወጣ። በ1937 ብሔራዊ የመርከበኞች ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር። ማኅበሩን ይመሩት የነበሩት ጆሴፍ ኩራንና ጃማይካዊው ፈርዲናንድ ስሚዝ ናቸው። ማኅበሩ በደንቡ የዘር አድልዎን ከለከለ፤ ሥራም በተራ እንዲሰጥ እንጂ በቀጣሪው ዓይን እንዳይመረጥ ታገለ። ማልዛክ ብቻውን 20 ዓመት ያላስከፈተው በር የሚንቀሳቀሰው በብዙ ትከሻ መሆኑን የተማረው እዚህ ነው። ለዚህ ትምህርት ኋላ ላይ ዋጋ ይከፍላል።

ቡከር ቲ. ዋሽንግተን

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የቀደመው ታሪክ ተደገመ፤ በዚህ ጊዜ ግን በእጥፍ። በ1942 ብቻ የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ከ1,000 በላይ የአጋር አገሮችን የንግድ መርከቦች አሰጠሙ። አሜሪካ ከሚሰጥመው በላይ ለመሥራት ቆርጣ ሊበርቲ የተባሉትን መርከቦች በፋብሪካ ደረጃ ማምረት ጀመረች። በጦርነቱ ዘመን 2,710 ተሠርተዋል። ርዝመታቸው 134 ሜትር ያህል፣ ፍጥነታቸው 11 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መልካቸው አያምርም፤ ቶሎ ይሠራሉ፣ ብዙ ይጭናሉ። እነርሱን የሚያዝ ካፒቴን ግን በፋብሪካ አይመረትም።

በዚያው ወቅት ጥቁር አሜሪካውያን በጦርነቱ ኢንዱስትሪ ውስጥ እኩል ሥራ እንዲሰጣቸው ይታገሉ ነበር። የሠራተኛ መሪው ኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ ወደ ዋሽንግተን ታላቅ ሰልፍ እንደሚጠራ ካስጠነቀቀ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በጁን 1941 በመከላከያ ሥራ አድልዎን የሚከለክል ትእዛዝ አወጡ። ባሕር ኃይሉ ግን እስከ 1942 አጋማሽ ድረስ ጥቁሮችን የሚቀበለው ለምግብ ቤት አገልግሎት ብቻ ነበር። የመርከበኞቹ ማኅበር፣ የጥቁሮች ጋዜጦችና ድርጅቶች የማልዛክን ስም ደጋግመው አነሡ። በመጨረሻም ባርነት ውስጥ ተወልዶ የተስኪጊን ትምህርት ቤት በመሠረተው በቡከር ቲ. ዋሽንግተን ስም የተሰየመች ሊበርቲ መርከብ እንዲያዝ ተጠየቀ።

የቀረበው ሐሳብ ግን ሠራተኞቹ በሙሉ ጥቁር እንዲሆኑ ነበር። ዕድሜው 56 ሆኗል፤ ይህን ቀን ሲጠብቅ ከ20 ዓመት በላይ አልፏል። በዚህ ሁኔታ ማንም ሰው እሺ ቢል የሚወቅሰው አይኖርም። ማልዛክ ግን በዘር የተለየ መርከብ አላዝም ብሎ አሻፈረኝ አለ። እምቢታው ግትርነት ብቻ አልነበረም። ጥቁር ብቻ የተሳፈረባት መርከብ ብትወድቅ የዘሩ ውድቀት ተደርጋ ትወራለች፤ ቢቀናት ደግሞ ተለያይቶ መኖር ያዋጣል ለሚሉት ማስረጃ ትሆናለች። ነጩና ጥቁሩ አብረው የሚሠሩባት መርከብ ግን ለሁለቱም ወሬ አትመችም። ባለሥልጣናቱም ጥያቄውን ተቀበሉት።

ሴፕቴምበር 29 ቀን 1942 ሎስ አንጀለስ ወደብ አጠገብ ባለው የመርከብ መሥሪያ መርከቧ ውኃ ላይ ወረደች። ጠርሙሱን ሰብራ የመረቀቻት ማሪያን አንደርሰን ናት፤ ከሦስት ዓመት በፊት በዋሽንግተን አዳራሽ እንዳትዘፍን በቀለሟ ምክንያት ተከልክላ፣ በሊንከን ሐውልት ደጃፍ 75,000 ሰው ፊት የዘፈነችው ድምፃዊት። የትምህርት ባለሙያዋ ሜሪ ማክሊዮድ ቤቱንም እዚያው ነበሩ። ማልዛክ በዚያ ጦርነት የአሜሪካን የንግድ መርከብ ያዘዘ የመጀመሪያው ጥቁር ካፒቴን ሆነ። እርሱ በከፈተው በር አድሪያን ሪቻርድሰን፣ ክሊፍተን ላስቲክና ጆን ጎድፍሬይም ተከታትለው ካፒቴን ሆነዋል።

የመርከቧ ሠራተኞች ከ18 አገር የተሰባሰቡ ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ነጩ ገጣሚ ጆን ቢቸር ነው፤ አንክል ቶምስ ካቢንን የጻፈችው የሃሪየት ቢቸር ስቶው ዘመድ። ቢቸር ስለዚህች መርከብ የጻፈው መጽሐፍ ጦርነቱ ባበቃበት በ1945 ታትሟል። ማልዛክ ማድ ቤት ውስጥ ያሳለፋቸውን ዓመታት አልረሳም። ትርፍ ሰዓት ሲገኝ መርከቧ ላይ ትምህርት ይሰጣል፤ ተራው መርከበኛ ለመኮንንነት የሚያበቃውን ስሌት ይማራል፣ ስለ ዓለም ሁኔታ ይወያያል። ከዓመታት በፊት የተዘጋው ትምህርት ቤት በአትላንቲክ መሃል እንደገና ተከፈተ ማለት ይቻላል።

የጉዞው አደጋ ቀልድ አልነበረም። መርከቦቹ በረድፍ ተሰልፈው፣ ኮንቮይ ሠርተው፣ በጦር መርከቦች ታጅበው ይሄዳሉ። የሁሉም ፍጥነት እንደ ቀርፋፋው መርከብ ነው። ሌሊት መብራት ማብራት ክልክል ነው፤ ሲጋራ እንኳ ደጅ ላይ አይለኮስም። ጭጋግ በወደቀ ጊዜ ካፒቴኑ ከፊቱ ያለውን መርከብ ሳያይ በግምትና በጆሮው ቦታውን ጠብቆ መሄድ አለበት። ትንሽ ቢፈጥን ከፊቱ ካለው ጋር ይጋጫል፤ ቢዘገይ ከአጃቢዎቹ ተነጥሎ የሰርጓጅ ሲሳይ ይሆናል። በተለምዶ በሚጠቀሰው ስሌት ከ26 የአሜሪካ የንግድ መርከበኞች አንዱ በዚያ ጦርነት ሞቷል፤ ከየትኛውም የጦር ክፍል የከፋ ድርሻ ነው።

ቡከር ቲ. ዋሽንግተን በማልዛክ አዛዥነት 22 ጊዜ ደርሳ ተመለሰች። ወደ አውሮፓና ወደ ፓስፊክ 18,000 ወታደሮችን አመላለሰች። የአሜሪካ ጦር ራሱ ነጭና ጥቁሩን ለይቶ በሚያሰልፍበት ዘመን፣ ወታደሮቹን የሚያሻግራቸው መርከብ ላይ ሁለቱ ከአንድ ማዕድ ይበሉ፣ በአንድ ካፒቴን ይታዘዙ ነበር። የጦሩ ልዩነት በይፋ እንዲቀር ትእዛዝ የወጣው በ1948 ነው።

ሁለተኛው ሰላም

በ1946 የወጣ ሕግ መንግሥት በጦርነቱ ጊዜ ያሠራቸው መርከቦች ለግል ኩባንያዎች እንዲሸጡ ፈቀደ፤ የቀሩትም ወደብ ላይ ተገትረው ቀሩ። በ1947 ማልዛክ ከመርከቧ ወረደ። ያንን ሁሉ ጊዜ ያለ እንከን የመራ ሰው፣ 61 ዓመት ሞልቶት፣ እንደገና ደጅ ጠኚ ሆነ። በ1948 የመርከቧን አንቀሳቃሾች ከሰሰ፤ ፍርድ ቤት ግን አልረታም። አንደኛው ጦርነት ሲያበቃ የደረሰበት ቃል በቃል ተደገመ።

በዚህ ጊዜ ግን የባሰ መጣ። በ1950 በአሜሪካን ሌበር ፓርቲ ዕጩነት ለኒውዮርክ የኩዊንስ ክፍለ ከተማ ፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ፤ 15,500 ያህል ድምፅ አግኝቶ ተሸነፈ። ዘመኑ የኮሚኒስት አደን ዘመን ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የማግነሰን ሕግ መርከበኞች ለደኅንነት አስጊ መሆን አለመሆናቸው እየተጣራ ብቻ እንዲሳፈሩ አዘዘ። በሠራተኛ ማኅበር ትግል የታወቀው ማልዛክ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገባ፤ ፈቃዱም ታገደ። ከ20 ዓመት በላይ ሥራ ላይ ሳይውል በኪሱ የኖረው ወረቀት አሁን ከእጁ ተወሰደ።

ባሕር ሲከለከል ብሩሽ አነሣ። ማንም ሳያስተምረው በዘይት ቀለም መሣል ጀምሮ በ1958 ኒውዮርክ በሚገኝ ጋለሪ 32 ሥዕሎቹን ለብቻው አሳየ። ክርክሩንም አልተወም። በ1955 አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት የማጣራቱ ሥርዓት ተከሳሹን በማን እንደተከሰሰ እንኳ ሳይነግር የሚፈርድ በመሆኑ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወስኖ ነበር። በ1960 የፌዴራል ዳኛ የማልዛክን ወረቀትና ፈቃድ መለሰለት። 74 ዓመቱ ነበር። ወዲያውኑ ወደብ ላይ የቆሙ መርከቦችን በምሽት የሚጠብቅ መኮንን ሆኖ ተቀጠረ።

መጽሐፉ

ማልዛክ ሕይወቱን ለመጻፍ የተነሣው በእነዚያ የእገዳ ዓመታት ነው። ታሪኩን እየተረከ፣ ጋዜጠኛው ሉዊስ በርንሃምና ኖርቫል ዌልች በጽሑፍ ያቀናብሩታል። በርንሃም ከዘፋኙ ፖል ሮብሰን ጋር ፍሪደም የተባለውን ጋዜጣ ያዘጋጅ የነበረ ነው፤ በ1960 በድንገት ስለሞተ መጽሐፉ ሲታተም አላየውም። ኤ ስታር ቱ ስቲር ባይ የተባለው ይህ ግለ ታሪክ በ1963 ኒውዮርክ ውስጥ ወጣ።

መጽሐፉን የሚለየው ጀብዱውን ከደሞዙ አለመነጠሉ ነው። ማዕበል አለ፣ ኮንቮይ አለ፣ በዊስኪ የሰከረ የመርከብ ሠራተኛ አለ፤ አጠገባቸው ደግሞ ማን እንደተቀጠረ፣ ማን በምን ሰበብ እንደተባረረ፣ ማኅበሩ የቱ ጋ እንዳሸነፈ የቱ ጋ እንደተሸነፈ ይነገራል። የባሕር ታሪክ ሲጻፍ ማድ ቤቱ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ማልዛክ ግን ከላዩም ከታቹም ስለኖረ ሁለቱንም በአንድ መጽሐፍ ጻፋቸው።

ልጁ ዩና ማልዛክም መጽሐፍን ሙያዋ አደረገች። በብሪቲሽ ጊያና በመጻሕፍት መደብር ስትሠራ በ1964 ከደረሰ የቦምብ ፍንዳታ በሕይወት ተርፋ፣ በ1967 ሃርለም ሌኖክስ ጎዳና ላይ ሊበሬሽን ቡክስቶርን ከፈተች። መደብሩ የጥቁሮችን ታሪክ ለሚፈልግ ሰው 40 ዓመት አገልግሏል። አባትዋ ጃንዋሪ 30 ቀን 1971 በ84 ዓመቱ ኒውዮርክ ውስጥ አረፈ።

በጦርነቱ ያገለገሉ የአሜሪካ የንግድ መርከበኞች እንደ ጦር ሠራዊት አርበኞች ተቆጥረው መብት ያገኙት በ1988 ነው። ማልዛክ ከሞተ 17 ዓመት አልፎታል። ያቺ አገር ሁለት ጊዜ ሲቸግራት ጠርታዋለች፤ ሁለት ጊዜ ሲቀናት ሸኝታዋለች። መጽሐፉን የሚያነብ ግን የ1942ቱን ሹመት እንደ ችሮታ ሊያየው አይችልም፤ በ1920 ያርማውዝ ላይ ፀሐይን የለካው እጅና ቡከር ቲ. ዋሽንግተንን በአትላንቲክ ላይ የመራው እጅ አንድ ነው። በመካከሉ የማልዛክ ችሎታ አልጨመረም፤ የጨመረው የሚሰጥሙት መርከቦች ቁጥር ነው።